ቦራ ከሦስተኛው ፖል አላልፍም ሲል፦ ለሚለግም ፈረስ የሚሆን መመሪያ

ከሐረር ኤረር በር ወጥተን ቁልቁል ስንወርድ፣ ሦስተኛው የመብራት ፖል ጋ ፈረሴ ቦራ ይቆማል። መጀመሪያ አንድ ጆሮው ወደ ኋላ ይዞራል። ቀጥሎ እርምጃው ያጥራል። ከዚያ አንገቱን ቀና፣ አራት እግሩን ትክል አድርጎ "ከዚህ ወዲያ በእግርህ" የሚለኝ ይመስላል። በተረከዝ ብነካው ወደ ኋላ ይሄዳል። አለንጋ ባነሳ ባለበት ዞሮ ወደ ቤት ይፈተለካል። በሩ ላይ አትክልት የሚሸጡት እናቶች ይስቃሉ። አንድ ቀን አንዱ ልጅ "አቦ፣ ፈረሱ ነው እንዴ የሚነዳህ?" አለኝ። ምን ልበለው፣ እውነቱን ነው።

ይህን ጠባይ ፈረስ የሚያውቅ ሰው "ለገመ" ይለዋል። "አንገራገረ" የሚልም አለ። ከመደንበር ይለያል። ደንባራ ፈረስ ፌስታል ሲበር አይቶ ይዘላል፣ ከዚያ መንገዱን ይቀጥላል። ልግመኛው ግን እምቢ የሚለው መንገዱን ራሱን ነው። ብዙውን ጊዜ ከቤት ሳይርቅ፣ ብቻውን ሲወጣ፣ እዚያው የለመደው ቦታ ላይ ነው የሚቆመው።

ምክር የሚሰጥ ሰው ማግኘትም ቀላል አይደለም። ጀጎል ውስጥ ያለው አደባባይ እስከ ዛሬ ፈረስ መጋላ ይባላል፤ የፈረስ ገበያ ማለት ነው። አሁን እዚያ ቆሞ የምታገኙት ግን ባጃጅና አሮጌ ፔጆ ታክሲ ነው። ሐረርን ያስተዳደሩት ራስ መኮንን በፈረስ ስማቸው አባ ቃኘው ይባሉ ነበር። ለእኔ በፈረሴ ጠባይ ስም ይውጣልህ ብባል "አባ ቁም" መሆኔ ነው። ከዚህ በታች ያለውን የተማርኩት ከሁለት ውድቀት፣ ከአንድ የእንስሳት ሐኪም፣ እና ድሬዳዋ በባጃጅ ሳትሞላ ጋሪ ሲነዱ ከኖሩ አንድ ሽማግሌ ነው።

1. አለንጋውን አስቀምጡና ጀርባውን ዳብሱ

ከሁሉ በፊት የሚጣራው ሕመም ነው። ፈረስ "ወገቤን" አይልም። መቆም፣ መዞር፣ መንከስ ነው የሚችለው። እኛ ደግሞ ያንን "ተንኮል" ብለን እንተረጉምለታለን።

ኮርቻውን አውርዱና ፈረሱን ደልዳላ መሬት ላይ አቁሙ። ከአከርካሪው ግራና ቀኝ አራት ጣት ራቅ ብላችሁ፣ ከጫንቃው ጀምራችሁ እስከ ወገቡ በጣታችሁ ጫፍ ጠንከር አድርጋችሁ እየተጫናችሁ ሂዱ። ጀርባውን ወደ ታች ካሸሸ፣ ጅራቱን ከወነጨፈ፣ ጆሮውን ወደ ኋላ ከለጠፈ፣ እዚያ ቦታ ላይ ነገር አለ ማለት ነው። ገጣባ ከሆነ ቁስሉ ራሱ ይታያል። የማይታየው ነው የሚያታልለው። በደማቅ ፀጉር መሃል ነጭ ፀጉር የበቀለበት ቦታ ካለ፣ ኮርቻ ለብዙ ጊዜ የተጫነው ቦታ መሆኑን እወቁ።

ኮርቻው ከፈረሱ ጋር ይስማማል ወይ? ብዙዎቻችን ኮርቻ የምንገዛው ለሌላ ፈረስ የተሠራ ነው። የእንጨቱ ቅርጽ ደግሞ አይለጠጥም። ሰው ተቀምጦበት ሳለ በኮርቻውና በጫንቃው አጥንት መካከል ሁለት ወይም ሦስት ጣት መግባት አለበት። ከኋላ ጎንበስ ብላችሁ ስታዩ መሃሉ ላይ ብርሃን ይታይ፤ አከርካሪው ላይ ምንም ነገር ማረፍ የለበትም። ከኮርቻው ሥር ግላስ (የሚነጠፈውን ጨርቅ) መደራረብ የጠበበ ኮርቻን አያሰፋም። እንዲያውም በጠበበ ጫማ ውስጥ ሁለት ካልሲ እንደ መልበስ ነው።

አፉን ክፈቱ። የሀገራችን ልጓም ከባድ ነው፤ ትንሽ ስትስቡት ታችኛውን መንጋጋ አጥብቆ ይይዛል። የአፉ ጥግ ላይ፣ ምላሱ ላይ፣ ልጓሙ የሚያርፍበት ጥርስ አልባ ድድ ላይ ቁስል ፈልጉ። የፈረስ ጥርስ እድሜውን ሙሉ ከድዱ እየወጣ እየተበላ የሚሄድ ነው። ጠርዙ ሲሾል ጉንጩን ከውስጥ ይቆርጠዋል። ይህን የሚሞርደው ሐኪም ነው፤ ቤት ውስጥ አትሞክሩት። ከዚያ አራቱንም ሰኮና አንሱና ጠጠር የተሰነቀረበት እንደሆነ እዩ። ጠንካራ መሬት ላይ በሶምሶማ አስሩጡትና ጭንቅላቱን ተመልከቱ። በአንዱ እርምጃ ላይ ብቻ ከፍ የሚያደርግ ከሆነ እያነከሰ ነው።

የሆድ ማሰሪያውን ስታጠብቁ የሚናከስ፣ ገብሱን እየተወ ጭድ ብቻ የሚመርጥ፣ እየከሳ የሚሄድ ፈረስ ደግሞ ጨጓራው ሊታመም ይችላል። እኛ አካባቢ በዚህ እድለኞች ነን። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለው፣ ከሐረርም 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ቀን መድቦ ማስመርመር ከሁለት ወር ትግል ይቀላል።

የቦራን ጀርባ ስዳብስ በግራ በኩል ዝቅ ብሎ ሸሸኝ። ኮርቻው ቆንጥጦታል። ሁለት ሳምንት አሳረፍኩት፣ ኮርቻም ቀየርኩ። ተሻለው። ግን ሦስተኛው ፖል ጋ መቆሙን አልተወም። ሽማግሌው ይህን ስነግራቸው ሳቁ። "ልጄ፣ ሕመሙ ሄዷል፣ ትዝታው ግን እዚያ ፖል ላይ ታስሮ ቀርቷል" አሉኝ። ቀሪው መመሪያ ስለዚያ ትዝታ ነው።

2. ለምን እንደሚቆም ለዩ

ሁለት ቀን ምንም ሳታደርጉ ተመልከቱት። ሲቆም ጆሮው ወዴት ነው? ወደ ፊት ተቀስሮ፣ አፍንጫው ተነፍቶ፣ አንገቱ ከፍ ብሎ ከሆነ የሚያስፈራው ነገር እያየ ወይም እያሸተተ ነው። ጆሮው ወደ ኋላ ሄዶ፣ ሰውነቱ ወደ ቤት ከታጠፈ ግን ፍርሃት ሳይሆን ልማድ ነው። ወደ ኋላ እየዞረ የሚያሽካካ ከሆነ ጓደኛ ናፍቆት ነው። ሦስቱም የሚፈልጉት ሕክምና ይለያያል።

ፈረስ የመንጋ እንስሳ ነው። ከሐረር በስተምሥራቅ ኩንዱዶ ተራራ ላይ ያለ ባለቤት የሚኖሩ ፈረሶች እንዳሉ ይነገራል። እዚያ ብቻውን የቀረ ፈረስ የአውሬ ራት ነው። የእናንተ ፈረስ በረት ውስጥ ቢወለድም ያንን ፍርሃት በደሙ ይዞ ነው የመጣው። ብቻህን ውጣ ስትሉት ትልቅ ነገር ነው የጠየቃችሁት።

ስለ ጅብ አንድ ነገር ልበል። ጎረቤቴ "ፈረሴ ከፈላና በር አላልፍም ይላል፣ ሰይጣን አለበት" ይል ነበር። የሚወጣው ከምሽቱ 12 ሰዓት አካባቢ ነው። እዚያ ማታ ማታ ጅብ ሥጋ እየተወረወረለት እንደሚበላ የሐረር ልጅ ሁሉ ያውቃል። ፈረሱ ደግሞ ሽታውን እኛ ሳናውቅ ቀድሞ ያውቃል። ሰይጣን የለበትም። አፍንጫ ነው ያለው። መውጫውን ወደ ጠዋት 1 ሰዓት ቀየረ፣ ፈረሱም ሄደ። በቃ። አንዳንዱ ችግር እንዲህ ነው፤ ሰዓት መቀየር ብቻ።

ዓይኑንም አስቡት። ዓይኖቹ ከጭንቅላቱ ጎንና ጎን ስለሆኑ ዙሪያውን ሊያይ ትንሽ ነው የሚቀረው። ነገር ግን ግንባሩ ፊት ለፊትና ጅራቱ ኋላ ያለውን አያይም። ከብርሃን ወደ ጨለማ ሲገባም ዓይኑ ከእኛ ዘግይቶ ነው የሚለምድ። ከደማቅ ፀሐይ ወደ ጀጎል ጠባብ ጥላማ መንገድ ስታስገቡት ቢቆም፣ እያየ አይደለምና ጊዜ ስጡት።

ድሬዳዋ ያላችሁ ደግሞ ግመልና ሙቀትን ጨምሩበት። ግመል አይቶ የማያውቅ ፈረስ በጠረኑም በመልኩም ይረበሻል። ሙቀቱ ሲከር ደግሞ ፈረሱ የሚቆመው ለግሞ ሳይሆን ደክሞ ሊሆን ይችላል። ድሬ ላይ ፀሐይ ሳትጠነክር ጨርሱ። የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ለእግር ለስላሳ ነው፣ ግን ጥልቅ አሸዋ ጅማት ይጎዳል። ለጀማሪ ከአሥር ደቂቃ በላይ አይሁን። በክረምት ደግሞ ደጋው ላይ ደመናው ሲጠቁር ከወንዙ ውስጥ ውጡ። የ1998ቱን ጎርፍ ያየ ሰው ይህን አይነገረውም።

3. ምግቡንና ሥራውን አመዛዝኑ

ይህ አጭር ነው። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚወጣ ፈረስ ብዙ ገብስ አያስፈልገውም። ጉልበቱ ይተርፈውና እናንተው ላይ ያወጣዋል። ጭድና ሣሩ ይብዛ፣ ገብሱ ይቀነስ፣ ፉርሽካ ጥቂት፣ ጨው አይጉደል፣ ውሃ ሁልጊዜ። አንድ ፈረስ በቀን ከ20 እስከ 40 ሊትር ይጠጣል፤ በሙቀትና በሥራ ከዚያም በላይ። ቀኑን ሙሉ ታስሮ የሚውል ከሆነ ደግሞ ከመውጣታችሁ በፊት ግቢ ውስጥ ፈትታችሁ ልቀቁት።

4. ግቢ ውስጥ "ሂድ" ማለትን አስተምሩት

እኔ ይህን ዘልዬ ነበር። አፍሬም ነበር፤ ያደገ ፈረስ እንደ ውርንጭላ በገመድ መምራት ምን ይባላል? ሽማግሌው ግን ግቢ ገብተው ቦራን በአንገት ገመድ ይዘው "ወደ ፊት" አሉት። አልሄደም። "አየህ? ቤት ውስጥ ያልሰማህ ፈረስ ገበያ መሃል ይሰማሃል?" አሉኝ።

ሦስት ወይም አራት ሜትር ገመድ ያዙ። እጃችሁ ላይ በጭራሽ አትጠምጥሙት። ፈረሱ ቢፈተለክ ጣት ይሄዳል። ትከሻው አጠገብ ቁሙ፤ ፊቱ ቆማችሁ አትጎትቱ። ፈረስ ሲጎትቱት ወደ ኋላ ነው የሚጎትተው። በእጃችሁ ባለው ቀጭን ዱላ ጎኑን፣ እግራችሁ የሚያርፍበትን ቦታ፣ በቀስታ ንኩት። ካልሄደ ሳትጨምሩ ሳትቀንሱ ነካ ነካ ማድረጉን ቀጥሉ። አንድ እግር እንዳነሳ ወዲያው አቁሙ። ወዲያው! ምሥጢሩ እዚህ ላይ ነው። ፈረስ የሚማረው ከመነካቱ አይደለም፤ መነካቱ ከቆመበት ቅጽበት ነው። ሁለት ሦስት ሰከንድ ከዘገያችሁ በምን ምክንያት እንደተዋችሁት አያውቅም።

መሄድ፣ መቆም፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፣ ወደ ግራ መዞር፣ ወደ ቀኝ መዞር። በቀን 15 ደቂቃ ይበቃል። ሲያደርግ ጫንቃው ላይ፣ ጋማው የሚያልቅበት ቦታ፣ እከኩለት። ፈረሶች እርስ በርስ የሚተካከኩት እዚያ ነው፣ የልብ ምቱንም ያረጋጋዋል። አንገቱን በመዳፍ ጠፍ ጠፍ ማድረግ ለእኛ እንጂ ለእሱ ብዙ ትርጉም የለውም።

በድምፅ ብቻ፣ ወይም በአንድ ቀላል ንክኪ፣ ሳያመነታ የሚሄድ ሲሆን ከግቢ መውጣት ይቻላል። ቦራን አንድ ሳምንት ፈጀበት። እኔን ደግሞ ከዚያ በላይ፣ ምክንያቱም እጄ ቶሎ መልቀቅ እምቢ ይል ነበር።

5. በእግር ውጡ፣ ፖል ቁጠሩ

ኮርቻ ጭናችሁ፣ ግን ሳትቀመጡ፣ በገመድ ይዛችሁት ውጡ። እኔ መለኪያዬ የመብራት ፖል ነበር። በአንዱና በሌላው መካከል 50 እርምጃ ገደማ አለ። በመጀመሪያው ቀን አንድ ፖል። ከሚቆምበት በፊት፣ ገና ደስ ብሎት እየሄደ ሳለ፣ አቁሙት፣ እከኩለት፣ ጥቂት ሣር አብሉት፣ ተመለሱ። በማግስቱ አንድ ተኩል። ዋናው ነገር መመለሻውን እናንተ መምረጣችሁ ነው። እሱ "እንመለስ" ሳይል በፊት እናንተ ካላችሁት፣ መመለስ የእሱ ድል መሆኑ ይቀራል።

የሚፈራበት ቦታ ስትደርሱ ራቅ ብላችሁ ቁሙ። ይይ። ያሽት። ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ ሲያላምጥ ወይም ረጅም ትንፋሽ ሲያወጣ ሁለት እርምጃ ቅረቡ፣ እንደገና ቁሙ። እኔ ሦስተኛው ፖል ሥር ተቀምጬ ለውዝ ስበላ ግማሽ ሰዓት ያሳለፍኩበት ቀን አለ። የለውዙን ሣር ለቦራ ሰጠሁት። የባቢሌ ለውዝ ነው፣ አይከፋም። ሰዎች እያዩኝ ምን እንዳሰቡ አላውቅም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ያ ፖል የተገረፈበት ብቻ ሳይሆን የበላበትም ቦታ ሆነ።

ጓደኛ ካለ ሥራው በግማሽ ይቀንሳል። ረጋ ያለ፣ ያረጀ፣ መንገድ የለመደ ፈረስ ቢገኝ በጣም ጥሩ። ባይገኝስ? እኔ የጎረቤቴን አህያ ተዋስኩ። የሳቃችሁ ሳቁ። እንጨት ተሸክማ ኤረር በር ስትወጣና ስትገባ የኖረች አህያ፣ ባጃጅ ጆሮዋ ሥር ጥሩምባ ቢነፋ ዓይኗን የማታርገበግብ። መጀመሪያ እሷ ፊት ፊት፣ ቦራ ከኋላ። በሦስተኛው ቀን ጎን ለጎን። በስድስተኛው ቀን ቦራ ፊት። ከዚያ አህያዋን መንገድ ላይ አቁመን ቦራ ብቻውን አሥር እርምጃ ሄዶ ይመለሳል፣ ከዚያ ሃያ። ይህን ቅደም ተከተል አትዝለሉ። ሁልጊዜ ተከታይ የሆነ ፈረስ ብቻውን ሲሆን ያው የድሮው ነው።

6. ኮርቻ ላይ ሆናችሁ

አሁን ተቀመጡ። ጭንቅላታችሁ ላይ ቆብ ይኑር፤ የፈረስ ቆብ ካላገኛችሁ የብስክሌትም ቢሆን ከባዶ ራስ ይሻላል። ተረከዝ ያለው ጫማ አድርጉ፤ እግራችሁ እርካብ ውስጥ ሾልኮ እንዳይቀር። ስልካችሁ ኪሳችሁ ውስጥ እንጂ ኮርቻው ላይ አይሁን። ፈረሱ ጥሏችሁ ቤት ሲገባ ስልኩም አብሮ ቤት ይገባል። በእኔ ደርሷል።

ፊት ለፊት ሩቅ ቦታ እዩ። የፈረሱን ጆሮ አትዩ። ዛቡ (ከልጓሙ ወደ እጃችሁ የሚመጣው ማሰሪያ) ላላ ይበል። አብዛኛው ሰው ፈረሱ ሲያመነታ በፍርሃት ዛቡን ይስባል፣ በዚያው ቅጽበት በተረከዙ ይመታል። ፍሬንና ነዳጅ አብራችሁ ረገጣችሁ ማለት ነው። ፈረሱ ቢቆም ምን ይገርማል?

ምልክቱን መጀመሪያው ላይ ያዙ። ጆሮ ሲዞር፣ እርምጃ ሲያጥር፣ ወገቡ ወደ ቤት ሲያዘነብል። ያኔ ነው እግራችሁ የሚነካው፤ ቆሞ ከተተከለ በኋላ አይደለም። እየሄደ ያለ ፈረስን ማስቀጠል የቆመን ከማስነሳት በብዙ ይቀላል።

ከቆመስ? በመጀመሪያ ጆሮውን እዩ። ጆሮው ወደ ፊት ከሆነ እያየ ነው፤ እስከ ግማሽ ደቂቃ ታገሡት፣ ግን ወደ ኋላ አይዙር። ጆሮው ወደ ኋላ ከሆነ ጠይቁት። መጀመሪያ በእግር ቀስ ብላችሁ፣ ከዚያ በዱላ ከእግራችሁ ኋላ ነካ ነካ። አንድ እርምጃ ከሄደ ዝም በሉ። አንድ እርምጃ ብቻ! ሃያ አትጠይቁ። እከኩለት፣ ከዚያ ሌላ አንድ።

ቢዞርባችሁ፣ በዞረበት አቅጣጫ ዙሩን እንዲጨርስ አትፍቀዱ። በግራ ከዞረ በቀኝ መልሱት፣ በመጣበት። ሁልጊዜ በግራ ዞሮ ማምለጥ የለመደ ፈረስ፣ ያ በር እንደተዘጋ ሲያይ መሞከሩን ይቀንሳል። አፉን ግን አትጎትቱ፤ አንዱን ዛብ ወደ ጎን ክፈቱት።

ወደ ኋላ መሄድ ከጀመረ ዛቡን ልቀቁ፣ ጭንቅላቱን ወደ ጎን አዙሩና ትንሽ ክብ አስዙሩት። እግሩ እንደገና ወደ ፊት ሲሄድ ወደ መንገዱ መልሱት። ከኋላችሁ ቦይ ወይም መኪና መኖሩን ቀድማችሁ ማወቅ አለባችሁ። ለዚህ ነው ልምምዱን ወደ አወዳይ በሚወስደው አስፋልት አጠገብ የማልመክረው። የጫት መኪና ለፈረስም ለሰውም አይታገሥም።

ፊቱን አንስቶ በኋላ እግሩ ከቆመ፣ ወደ ፊት ጎንበስ በሉ፣ ጋማውን ያዙ፣ ዛቡን ፈጽማችሁ ልቀቁ። በዛብ መንጠልጠል ፈረሱን ወደ ኋላ፣ እናንተው ላይ፣ ሊጥለው ይችላል። እግሩ መሬት እንደነካ ውረዱ። ይህን ደጋግሞ የሚያደርግ ፈረስ በዚህ መመሪያ የሚታረም አይደለም። ልምድ ያለው ሰው ያስፈልገዋል።

መውረድ ሽንፈት ነው የሚሉ አሉ። አይደለም። ሽንፈት የሚሆነው ወርዳችሁ ወደ ቤት ከመለሳችሁት ነው። ወርዳችሁ በእግር ወደ ፊት አሳልፉት፣ ሁለት ፖል አልፋችሁ ደልዳላ ቦታ ላይ እንደገና ተቀመጡ። እኔ ከሃያ ቀን ውስጥ አምስቱን እንዲህ ነው ያሳለፍኩት።

አለንጋውስ? ተጠቅሜበታለሁ፣ አልዋሽም። በመጀመሪያው ወር ቦራን ሦስተኛው ፖል ጋ ገርፌዋለሁ። አለፈም። በማግስቱ ግን ሁለተኛው ፖል ጋ ቆመ። የሚገረፍበት ቦታ የት እንደሚጀምር ስላወቀ ቀድሞ ቆመ። ሒሳቡ ትክክል ነው።

7. ቤት ጣፋጭ፣ ውጭ መራራ እንዳይሆን

ፈረሱ የሚያውቀው ሒሳብ ይህ ከሆነ፦ ውጭ ሥራ፣ ቤት ገብስና ዕረፍት፣ ለምን ይወጣል? እስቲ ገልብጡት። ገብሱን ከመውጣታችሁ በፊት እና እንደገባችሁ ወዲያው አትስጡ። ጥቂቱን ይዛችሁ ውጡና ሩቁ ጫፍ ላይ ወርዳችሁ አብሉት፣ የሆድ ማሰሪያውን አላልታችሁ አሳርፉት። ቤት ስትደርሱ ደግሞ ኮርቻውን ወዲያው አታውርዱ። ግቢ ውስጥ አሥር ደቂቃ አሠሩት፣ መዞር፣ መቆም፣ ወደ ኋላ። አንዳንድ ቀን በሩ ላይ ደርሳችሁ ሳትገቡ እንደገና ውጡ።

ወደ ቤት ሲመለስ በሩጫ አይሁን። በጭራሽ። መጨረሻው 500 ሜትር በእርምጃ ብቻ። "እግሩ ቀለለ" ብላችሁ ሽምጥ የለቀቃችሁት ቀን የሦስት ሳምንት ሥራ ይፈርሳል። ክብ መንገድ ካለ ምረጡ። ሄዶ በዚያው ከመመለስ ይልቅ በሌላ በኩል ዞሮ መግባት፣ "መመለሻ" የሚባለውን ነጥብ ያጠፋዋል። እኔ ሐኪም በሚባለው ጋራ በኩል በማሳ መሃል የሚዞር የእግር መንገድ አገኘሁ። ገበሬዎቹን ግን አስቀድማችሁ አስፈቅዱ። "አሰላሙ አለይኩም" ብሎ ወርዶ ሰላምታ መስጠት፣ ፈረሱ ማሽላቸውን እንዳይበላ መያዝ። ሁለተኛ ቀን ራሳቸው ሻይ ይጠሩዋችኋል።

ቸኩላችሁ አትውጡ። ከኋላችሁ ቀጠሮ ካለ ፈረሱ ያሸንፋል፤ እሱ ቀጠሮ የለውም።

8. ስንት ጊዜ ይፈጃል?

ለቦራ ከኮርቻው ለውጥ በኋላ ሰባት ሳምንት ያህል። በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን ከ40 ደቂቃ ያልበለጠ። በደብተር እጽፍ ነበር፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ስንተኛው ፖል፣ አየሩ፣ ምን እንደበላ። ይህ ደብተር አንድ ነገር ገለጠልኝ። የቆመባቸው ቀናት አብዛኞቹ ከሁለት ቀን ዕረፍት በኋላ የመጡ ናቸው። ከበዓል በኋላ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ አትደንግጡ። ሁለት ፖል ቀንሳችሁ ጀምሩ።

በሁለት ወር ውስጥ ምንም ለውጥ ከሌለ፣ ወይም ፈረሱ ወደ መኪና መንገድ መዞር ከለመደ፣ አቁሙ። እንደገና ሐኪም፣ ከዚያ የሚያውቅ ሰው። ለእናንተ የማይሆን ፈረስም አለ። ሲሸጥ ጠባዩን ለገዢው መንገር ግዴታ ነው። ለእኔ ቦራን የሸጠልኝ ሰው "በግ ነው" ብሎኝ ነበር።

ቦራ አሁን ሦስተኛውን ፖል ያልፋል። ሲያልፍ ግን በአንድ ዓይኑ ለውዝ ይፈልግበታል። ባለፈው ሳምንት አሥራ አራተኛው ፖል አጠገብ ወፍጮ ቤት ተከፈተ። ሞተሩ ሲነሳ ጆሮው ቀጥ፣ እግሩ ትክል። ቅዳሜ ጠዋት አህያዋን ልዋስ ነው። ባለቤቷም "ኪራይ ልጀምር ነው አቦ" ብሎኛል።